ክር ይዘው የመጡት ሴትዮ

ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም። እኔ ምን ብዬ ነው የምጽፈው እያልኩ ብዙ ፈራሁ፤ ይቅር በሉኝ። ሴትዮዋ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አሉኝ።

የምሠራው አዳማ፣ እንጨት ቤት ነው። እንጨት አለሰልሳለሁ። ሴትዮዋ የነተበ ግን ንጹሕ ሹራብ ለብሰው መጡና በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ አሉ። የእኛ ወለል እኮ ሰጋቱራ ነው!

የፈለጉት ለኮንዶሚኒየም የኩሽና ካቢኔት ነው። ኩሽናዋ ጠባብ ናት አሉ። ላዩ የሳህን መደርደሪያ እንዲሆን፣ ታቹ ግን ያለ መከፋፈያ ባዶ እንዲቀር ነገሩን። ርዝመቱን ስንጠይቃቸው ከጉያቸው ክር አወጡ።

አለቃዬ ምልኬሳ ደነገጠ። እኛ ጋ ክር ይዞ የሚመጣ ሰው የሬሳ ሣጥን ሊያሠራ ነው፤ ሟቹን የለኩበትን ያመጣሉ።

"አዴ፣ ማን ሞተብዎት?" አላቸው።

"ኧረ ማንም! የራሴ ቁመት ነው። ወንዱ ልጄ አገባ፣ ያለን አንድ ክፍል ነው። ሳህኑ ከላይ፣ እኔ ከታች እንተኛለን።" አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

"በቁም ያለ ሰው በክር አይለካም፣ አዴ።"

"ራሴ ነኝ የለካሁት፤ አትፍራ።"

ምልኬሳ ክሩን በእጁ አልነካም። እሳቸው ራሳቸው መሬት ላይ እንዲዘረጉት አድርጎ በሜትር ለካው።

በነጋታው ጠዋት ሱቁን ልንከፍት ስንመጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ክሩን ከጉልበታቸው በታች ባለው እግራቸው ልክ ቆርጠው አሳጥረው ጫፉን ቋጥረውታል።

"የምራቴ ፍሪጅ ቦታ አጣ" አሉ። "እኔ እንደሆነ እግሬን አጥፋለሁ።"