ሰደፉን ብቻ

ጥሩነህ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር፣ ለፊልም ሠሪዎች ዕቃ የሚያከራይ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሥራው በጥንቱ አምሳል የተሠሩ፣ ደጋግመው የሚተኩሱ የካውቦይ ጠመንጃዎችን እየፈታ ማጽዳት ነው።

ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ በአገራቸው የታወቁ አዳኝ የነበሩት አቶ በርናባስ እዚያው አቅራቢያ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አረፉ። ልጃቸው ምሥራቅ ኮል አደረገችለት።

"በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟች ጠመንጃ ይወጣል። የአባዬ እዚያው ቀረ። እማዬ ደግሞ እስካሁን አላለቀሰችም። እባክህ ጥሩነህ፣ አንዱን አምጣልን።"

"ባስ ላይ ጠመንጃ ይዤ? ልታሳስሪኝ ነው?" ብሎ ዘጋባት።

እጁ ግን አላርፍ አለው። ካቻቢቴውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ተንጎራደደ፣ መልሶ አነሳ። የአንዱን ጠመንጃ ብሎኖች ፈታ፤ የቃታውን ብረት አወጣ፤ ዘይት የነካ ጨርቅ በአፈሙዙ አሳልፎ ጥላሸቱን ጠረገ። በመጨረሻ የእንጨቱ ሰደፍ ብቻውን እጁ ላይ ቀረ። እንጨት ደግሞ አያሳስርም። አለቃውን አስፈቅዶ፣ በዘይት ወልውሎ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲረግም ነበር። የውሸት ጠመንጃ፣ ያውም ግማሹ!

ለቅሶ ቤቱ ሲደርስ የሟች ባለቤት እትዬ ወለተማርያም በደረቅ ዓይን ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሰደፉን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አዩት።

"ምነው ዘይት አበዛህበት! በርናባስ ይቆጣሃል" አሉት።

ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ነው እንባቸው የመጣው።