ቀይ ነጥብ ያለበት ራም

ሚዜዬ ቡታጅራ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እኔ የማስተምርበት ወልቂጤም ጠጋኝ ሞልቷል፤ ግን ላፕቶፔን ተሸክሜ በሚኒባስ እሱ ዘንድ ሄድኩ። በሠርጌ ዕለት ከጎኔ ቆሞ ላቤን የጠረገልኝ ሰው እያለ ለባዳ እሰጣለሁ እንዴ?

ላፕቶፑ አርጅቷል። የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው በእሱ ነው፤ የሰበሰብኩትን መረጃ ማስላት ስጀምር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሜሞሪው አንሶታል ስላሉኝ ባለ ስምንት ጊጋ ራም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ባለቤቴ ሳታማክረኝ በቀይ የጥፍር ቀለሟ ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ አደረገችበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምልክት ነዋ። ዕቃ ይቀየራል።»

«ሚዜዬን ነው የምትጠረጥሪው?» ብዬ ጮህኩባት። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ሱቁ ስደርስ ሚዜዬ ተጠምጥሞ ሳመኝ፤ ላፕቶፑንና ራሙን ሰጠሁት። ብሎኖቹን መፍታት ሲጀምር ሆን ብዬ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። እኛ ዘንድ የሚዜን እጅ ቆሞ መጠበቅ ነውር ነው፤ አላምንህም ከማለት አይተናነስም። የሚመላለሱትን ባጃጆች ሳይ ቆየሁ። ክዳኑን ገጥሞ ሲያቀብለኝ የእጁን ልክፈል ብል ተቆጣኝ፤ እንዲያውም ምሳ ጋበዘኝ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ያው ነው። ደወልኩለት።

«ራሙማ ገብቷል። ማሽኑ አርጅቶብህ ነው፣ ታገሠው እንጂ» አለኝ።

ታገሥኩ። ስንት ጊጋ እንዳለው ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ሞኙ ግን ያንንም ሚዜዬን መሰለል አድርጌ ቆጠርኩት። የጥናቱ ማስረከቢያ ቀን አለፈኝ። አብረውኝ የጀመሩት ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ለከርሞ ተላለፍኩ።

በመጨረሻ አንድ ኮምፒውተር የሚያስተምር ባልደረባዬ አዘነልኝና ፈታው። ውስጡ የድሮው ባለ ሁለት ጊጋ ብቻ ተቀምጧል።

በማግስቱ ቡታጅራ ሄድኩ። ሚዜዬ የራሱን ላፕቶፕ ፈታትቶ አቧራውን በብሩሽ እየጠረገ ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት የባለቤቴን ቀይ ነጥብ አየሁት። ዓይኔን ተከትሎ እሱም አየው። ያን ጊዜ ነው ነጥቡን ልብ ያለው መሰለኝ።

ይክዳል፣ ወይ ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ብሩሹን እንኳ አላስቀመጠም።

«የኔም አልሠራ ብሎኝ ነው» አለ። «ደግሞስ ብጠይቅህ ትከለክለኝ ነበር?»

አንገበገበኝ። አልከለክለውም ነበር። ጥናቴ ቢቀርም ይቅር ብዬ በገዛ እጄ እሰጠው ነበር። ይህን እያወቀ ነው የሰረቀኝ።