መስመሩን ያላለፈች ኳስ

«ሴት ልጅ ፊሽካ ብትነፋ ባጃጅ ይቆም ይሆናል እንጂ ተጫዋች አይቆምም» አሉኝ የቡድናችን መሪ አቶ አራጋው፣ ቆቦ ሜዳ ላይ አሠልጣኝ ሆኜ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን።

«ግድ የለም ጋሽ አራጋው፤ አጥቂያችንም ከባጃጅ አይፈጥንም» አልኳቸው።

የሥራ ዕቃዬ አንድ ፊሽካ፣ ሦስት ኳስና የተቀደደ የኖራ ጆንያ ነበር። ታክቲክ ኋላ ይደርሳል ብዬ ነበር። አልደረሰም። የቡድኑ በሽታ ሌላ ነው።

የሜዳችን ጎሎች አፍ ላይ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ አለ። አጥቂያችን ሰይድ በረኛውን ያልፋል፣ ኳሷን በስሱ ይነካትና ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ለሕዝቡ እስክስታ ይወርዳል። ኳሷ መስመሩ ጋ ስትደርስ አሸዋው ውስጥ ትቆማለች። ተከላካይ መጥቶ ይጠልዛታል። ሰይድ አሁንም ይጨፍራል፤ የጀመረውን ማቋረጥ አይወድም።

ከጎብዬ ቡድን ጋር ባዶ ለባዶ የወጣን ዕለት ለምን ቀድሞ እንደሚጨፍር ጠየቅኩት።

«ኮች፣ ሕዝቡ እኮ ይጠብቀኛል።»

«ኳሷም እየጠበቀችህ ነበር።»

«ገብታለች ብዬ ነዋ።»

«ማን ነገረህ? ጀርባህ?»

ሕግ አወጣሁ። ያገባ ሰው ኳሷን ተከትሎ መስመሩን ያልፋል፣ በእጁ ያነሳታል፣ መሐል ሜዳ ያደርሳታል። ከዚያ እንደ ፈለገ ይጨፍር። ቀድሞ የጨፈረ አካፋ ይዞ አሸዋ ይዝቃል። ሰይድ በሁለት ሳምንት ሜዳውን ብቻውን አስተካከለው።

«እርሻ ነው እንዴ የምታስተምሪው?» አሉ አቶ አራጋው። «በሚቀጥለው ጨዋታ ዋጃ ሄደሽ ካላሸነፍሽ ፊሽካውን ለእህቴ ልጅ ታስረክቢያለሽ።»

የእህታቸው ልጅ ኳስ ያውቃል፤ በስልኩ ይጫወታል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የወደድኩት ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ዋጃ አካፋውን ይዘን ሄድን። እዚያም አሸዋ ነበር፤ ከአንዱ ጎል ዝቀን ወደ ሁለተኛው ስናልፍ ዳኛው ከሜዳ አስወጣን።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰይድ፣ ባልተዛቀው ጎል በኩል፣ በረኛውን አለፈ። ኳሷን ነካት። ትከሻው ለእስክስታ ተነሳ። ከዚያ ተወው። ሮጦ አሸዋው ውስጥ ቆማ አገኛትና ገፍቶ አስገባት። ታቅፎ መሐል ሜዳ አደረሳት። አልጨፈረም።

አቶ አራጋው ስልካቸውን አውጥተው ወደ ራሳችን ጎል ጀርባ ሄዱ።

«እንድሪስ፣ እስኪ ዞር በል፣ የአሸናፊ ፎቶ» አሉት በረኛችንን።

እንድሪስ ዞረ። ፈገግም አለላቸው። ዋጃዎች ከመሐል ሜዳ የጠለዟት ኳስ እየነጠረች በጎኑ አልፋ ገባች። አሸዋም አላቆማት፤ ያንን ጎል ጠዋት ራሳችን ዝቀነዋል።

አንድ ለአንድ አለቀ።

«በይ» አሉኝ አቶ አራጋው፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ኳስ መላ አካሏ መስመሩን ካላለፈ ጎል የለም፤ ዳኛው ካልነፋ ጨዋታው አላለቀም።

ፊሽካውን ከአንገቴ አውልቄ በአንድ እጃቸው፣ አካፋውን በሌላው አስያዝኳቸውና ወደ ቆቦ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።