ቃሉን ያልነገሩን ፊልም

ወሩን በትክክል አላስታውሰውም። ሱዳን በስደት መጠለያው ሳለን ነው። ታናሽ እህቴ ተቅማጥ ይዟት እቅፌ ላይ ዝላ ነበር።

ትዝ ያለኝ ባለፈው ሳምንት ነው። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ማትናስ በሚሉት በሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል አዳራሽ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ስለ ስኳር በሽታ ፊልም በዕብራይስጥ አሳዩን።

«ፊልሙ ላይ ያለችው ሴት ምን እያለች ነው ልጄ?» ብዬ አስተናባሪዋን ጠየቅኋት፤ አማርኛ የምትችል የኛው ልጅ ናት።

«ስዕሉን ይዩት አባባ፣ ይገባዎታል» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ያኔም እንዲሁ ነበር። የእርዳታ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ፊልም አሳዩን፤ ንግግሩ ሁሉ በዓረብኛ። አንዲት ሴት ነጭ ነገር ውሃ ላይ በጥብጣ የታመመ ልጇን ስታጠጣ አየን።

«ዱቄትማ እኛም አለን» ብላ እናቴ ልትበጠብጥ ተነሳች።

ገበያ ውስጥ ሸክም እየተሸከመ ዓረብኛ የለመደ ጎረቤታችን ከኋላ ጮኸ። «ተይ እታለም፣ ዱቄት አይደለም። ጨውና ስኳር ነው የምትለው፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ስዕሉን አምጥታችሁ ቃሉን ለምን ትነፍጉናላችሁ?» እናቴም ዱቄቱን ትታ ጨውና ስኳር ፍለጋ ወጣች።

እህቴ ተርፋ ዛሬ እዚሁ ካርሜ ጋት ሰፈር የልጅ ልጅ ታቅፋለች። እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ ዙሪያዬን ባይ ባይ፣ ተነስቶ የሚጮህልን ሰው አጣሁ።

ያ ጎረቤታችን አያ ገበያው ይባል ነበር።