ጋሻና መጥረቢያ በባቢሌ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ልምምድ መሥሪያ ቤታችን የተመደበች ሂንድ የምትባል ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ሩዟን እየበላች አንድ ነገር አማከረችኝ። እሷና ጓደኞቿ ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ያስታጥቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተራኪ ሆኖ ወደ ጀብዱ ይመራቸዋል። ሂንድ ጀማሪ ተዋጊዋን ከባድ የብረት ጥሩር ታልብሰው ወይስ ቀላል ቆዳ፣ ጋሻ ታሲዘው ወይስ በሁለት እጅ የሚነሳ መጥረቢያ፣ ግራ ገብቷታል። ጀማሪ ቶሎ ስለሚሞት ጋሻ ይያዝ አልኳት። ይህን ስላት ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ግራ ቀኙን አየሁ። ልጅቷ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ስለ ጋሻና ስለ መጥረቢያ ሰው መሐል ማውራት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ነገሩ ሲደርስ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጅግጅጋ ላይ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ጓደኛዬ ሙክታር እዚያው ተወልዶ ያደገ ሱማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አያንስም፣ የእኔ ሱማሊኛ ግን ከገበያ ቋንቋ አያልፍም። ጨዋታውን ያስተማሩን ሐረር ያሉ ጓደኞቻችን ነበሩ። ቅዳሜ ሄደን እዚያ እናድርና እሑድ እንመለሳለን። ለቤተሰብ «ጥናት ነው» እንል ነበር። ጢም ያወጣ ሰው «ጠንቋይ ሆኜ ስጫወት አደርኩ» ብሎ ለአባቱ እንዴት ይናገራል? አባቴ በእኔ ዕድሜ ሱቅ ከፍቶ ታናናሾቹን ያስተምር ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሐረር በሚኒባስ ተነሳን። ዝናብ የጠገበው መሬት አረንጓዴ ለብሷል፤ ባቢሌ ስንደርስ ሴቶች ትኩስ የተቆላ ለውዝ በመስኮት ሸጡልን። ከዚያ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ገና ሳይቀመጡ ሾፌሩን በሱማሊኛ ይለምኑት ጀመር። ሙክታር ተረጎመልኝ። እህታቸው ሌሊት ጅግጅጋ ላይ አርፋለች፤ ከቀትር ሶላት በኋላ ትቀበራለች። ሴትን መቃብር ውስጥ የሚያስገባት የቅርብ ሥጋዋ ነው፤ ከቅርብ ወንድ ዘመዶቿ ደግሞ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሾፌሩ «ኢንሻላህ እንደርሳለን» ብሎ ነዳጁን ረገጠ። መኪናው ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ሰምተን ግን አዝነን ዝም አላልንም። ለውዛችንን እየፈለፈልን፣ ዳካታ ሸለቆ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ተነባብሮ የቆመውን እያየን፣ ወደ ሙግታችን ተመለስን። የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ በአዲስ ገጸ ባሕርያት ስለሚጀመር ማን ምን ይታጠቅ የሚለው አላስማማንም። ጥሩር የለበሰን መምታት ይከብዳል፤ ግን አይፈጥንም፣ ሲንቀሳቀስም ይንቃጨላል። ቆዳ የለበሰ እንደልቡ ይሮጣል፤ ከተያዘ ግን አለቀለት። እኔ ማጥቃት ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ሙክታር መከላከል። ሙክታር ሙግት ከያዘ ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል፣ እኔም ብሸነፍ ሞቴ ነበር።

«ጋሻ ከያዝክ አንድ እጅህ ታሰረ ማለት ነው» አልኩት። «መጥረቢያውን ያዝና አንዴ ምታ፤ የተመታው አይነሳም።»

«ሳልመታ ቀድመው ቢመቱኝስ? በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ብዙ ናቸው። እኔ ብረት ለብሼ ልቅደም፣ አንተ በቀስት ከኋላ ጨርስልኝ።»

«ብረቱን ይሰሙታል። መንደሩ ሳይነቃ ነው መግባት ያለብን።»

ፊት ለፊታችን የተቀመጠች እናት ልጇን ወደ ደረቷ ስትስብ አይቻለሁ። ብርድ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁላት።

ያን ሰሞን ከተማችን ከረብሻ ገና አላገገመችም ነበር። ሰው በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ አንድ ወሬ ሱቆቹን ሁሉ ያዘጋል። ይህን እያወቅሁ እንዲያ ማውራቴ ዛሬም ይገርመኛል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ጅግጅጋ ሳንገባ ኬላ ላይ ለፍተሻ ስንወርድ ያቺ ልጇን ያቀፈች እናት ለፈታሿ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እናገር ነበር። ወዲያው ሙክታርን ወደ አንድ ወገን፣ እኔን ወደ ሌላ ወገን ወሰዱን። የሾፌሩም መንጃ ፈቃድ ተያዘ።

አንድ ጎልማሳ ፖሊስ በትሕትና ምን ስናወራ እንደነበር ጠየቀኝ። ተሳፋሪዎቹ ቆመው ያያሉ፤ ከእነሱ መካከል የአባቴ ደንበኛ የሆነ ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩና፣ ሰውየው ለአባቴ ሲያወራለት ታየኝ። ስለ ፊልም ነው አልኩ። የምን ፊልም ሲለኝ ከአእምሮዬ አንድ ፊልም ፈጠርኩ። ሙክታር በወዲያ በኩል ጨዋታ ነው ብሏል። ቃላችን ባለመግጠሙ የፖሊሱ ፊት ተለወጠ። ሌላ አለቃ ተጠራ፣ ጥያቄው እንደገና ተጀመረ፣ እኔም እንደገና ፊልም ነው አልኩ። አንዴ የተናገርኩትን ማጠፍ ከመዋሸት በላይ አሳፈረኝ።

ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በእጃቸው ይለምናሉ። የሚያልፈው ሁሉ ሙሉ ነው። ኋላ ላይ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ፀሐይዋን ቀና ብለው ያዩና መልሰው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ከቆምኩበት ይታዩኝ ነበር። እያየኋቸው ነው የዋሸሁት።

መጨረሻ ላይ ከሙክታር ቦርሳ ዳይሶቹ ወጡ። አለቃው እስቲ ተጫወቱና አሳዩኝ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ከቦ እያየን፣ ሙክታር ዳይስ እየጣለ፣ እኔ የሌለ ጭራቅ በምናብ መጥረቢያ መታሁ። አለቃው እንባው እስኪመጣ ሳቀና ሂዱ አለን። የፈራሁት ውርደት እንደሆነ አልቀረልኝም። ከተሳፋሪው አንድም የሳቀ አልነበረም።

ጅግጅጋ ስንደርስ ሶላቱ አልቋል። ሙክታር ባጃጅ አስቁሞ ሽማግሌውን ይዘን ወደ መቃብሩ በረርን። ስንደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰዎች እጃቸውን እያራገፉ ነበር። እህታቸውን የጎረቤት ሰዎች ናቸው ያስገቧት። ሽማግሌው አፈሩ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከለቀስተኞቹ አንዱ ለምን እንደዘገዩ ሲጠይቃቸው ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ሙክታርም እግሩን እያየ ነበር።

«መንገድ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩና በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ «እነዚህ ልጆች አያውቋትም። ለእህቴ ብለው ከመንገድ አብረውኝ መጡ» አሉ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጡን። ወደ ለቅሶ ቤት ወስደው ሩዝና ሥጋ አቀረቡልን፤ እንቢ ብንል ነውር ነውና በላን። ስንወጣ ጎንበስ ብዬ «አዴር፣ ይቅርታ» ማለት ጀመርኩ። ሽማግሌውም እንደ ሱማሌ ወግ አጎት ለወንድሙ ልጅ የሚመልሰውን ያንኑ ቃል፣ «አዴር» ብለው መለሱልኝና ደህና ግባ አሉኝ። የጀመርኩትን አልጨረስኩትም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ደብቄው አላውቅም፤ አባቴም ሲሰማ ሳቀና ጫማ መደርደሩን ቀጠለ። በማያሳፍረው አፍሬ የሚያሳፍረውን ሠራሁ።

ሽማግሌው አሁንም ከባቢሌ እየመጡ የእህታቸውን ሴት ልጆች ይጠይቃሉ። መንገድ ላይ ካገኙኝ ሳያስቆሙኝ አያልፉም፤ አብሯቸው ላለው ሰው «ይህ ልጅ እህቴን ሊቀብር አብሮኝ የመጣ ነው» ይሉታል። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ እርጅና ነገሩን እንዲያ አድርጎ አስቀምጦላቸው ይሁን፣ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም። ባለፈው ወር ከእሳቸው ጋር የነበረው ሰው ይህን ሲሰማ እጄን በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ። አሜን አልኩ።