የመሳፍንት ዘር ቆጣሪዋ ኦቲሊ

ኦቲሊ ብራንትነር የገዛ ቅድመ አያቷን ስም አታውቅም ነበር። የመስፍናችንን ዘር ግን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። የትኛዋ እህቱ ለእንግሊዝ እንደተዳረች፣ የትኛዋ ለሩሲያ፣ ማን የማን የክርስትና ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከአክስቱ ልጅ ጋር በውርስ እንደተኳረፈ በቃሏ ታውቀዋለች። ኔሰልባህ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያላት አንድ ቤተ መንግሥት፣ አንድ የጦር ሰፈርና ሁለት የቢራ መጥመቂያ ነው። ሌላ የምንኮራበት ስላልነበረን በመኳንንቱ ዝምድና እንኮራ ነበር። እንግሊዝ አገር ልጅ ሲወለድ እዚህ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሩሲያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ልዕልት ስትሞት እዚህ ደወል ይደወላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኛ ነን።

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፣ ስሜ ቡርጋ ይባላል። ከኦቲሊ በላይ ባለው ፎቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ወድቆ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ትቶላት ሄደ። ልጁን ሉዶልፍን ያሳደገችው በመርፌዋ ነው፤ ለክፍለ ጦሩ የደንብ ልብስ ትጠልፍ ነበር።

በዚያ ዘመን ነገሥታት እርስ በርስ ክፍለ ጦር ይሰጣጡ ነበር፣ ሌላው ሰው የገና ስጦታ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። የኛ ክፍለ ጦር የክብር አዛዥ የመስፍናችን እህት ባል፣ የእንግሊዙ ልዑል ነበር። ስለዚህ የኔሰልባህ ልጆች ሁሉ የሱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከነዘውዱ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ይሄዳሉ። ለመኮንኖቹ በወርቅ ክር፣ ለተራው ወታደር በቢጫ ክር የምትጠልፈው ኦቲሊ ናት። አንድ ጊዜ ልዑሉ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ የኛን ክፍለ ጦር ልብስ ለብሶ በአደባባዩ ሲያልፍ፣ ኦቲሊ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና «ትከሻው ላይ ያለው የኔ እጅ ሥራ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ልዑሉ ስታወራ «የኛ ሰው» ነበር የምትለው።

ታላቁ የዓለም ጦርነት ሊነሳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቺሌ አገር መርከብ ጥገና የሚሠራው የሉዶልፍ አጎት የመርከብ ቲኬት ላከለት። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ የዱባ ሾርባ እየጠጣሁ፣ ሙግት ተጀመረ።

«እማ፣ እዚህ ብቀር እኮ ሃያ ሲሞላኝ ለሁለት ዓመት ውትድርና ይወስዱኛል» አላት።

«ይውሰዱሃ! እንዲያውም ሳይጠሩህ ቀድመህ ተመዝገብና የኛን ክፍለ ጦር ምረጥ። ሰልፍህን ከመስኮቴ አያለሁ፣ እሁድ እሁድ ቋሊማህን እዚህ ትበላለህ። ሁለት ዓመት ምን አላት?»

«ጦርነት ቢመጣስ?»

«ከማን ጋር? እስቲ ንገረኝ፣ ከማን ጋር?» ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። «የኛ ንጉሠ ነገሥትና የእንግሊዙ ንጉሥ አያታቸው አንዲት ሴት ናት። የሩሲያው ሚስት የዚያችው የልጅ ልጅ ናት። ቢጣሉ እንኳ አንዷ አክስት ትቆጣቸውና ይታረቃሉ። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሰባበርም።»

«አህዮች ያልሻቸው አንቺ ነሽ እንግዲህ፣ እኔ አላልኩም» አላትና ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አክስቴ ቡርጋ፣ አንቺ ፍረጂን።»

ሂድ ልለው ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዘመዳሞች እንደሚዋጉ እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አባቴ አንድ እግሩን ያጣው የመስፍናችን አባት ከገዛ አማቹ ጋር በተዋጋበት ጊዜ ነው። ግን የዚያን ክረምት ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ የመተኮሻዬን ከሰል ከምድር ቤት ሦስት ፎቅ የሚያወጣልኝ ሉዶልፍ ነበር። «እናትህን ስማ» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት እስከ ዛሬ ለኦቲሊ አልነገርኳትም። እናንተም ብትረግሙኝ አልቀየምም።

ቲኬቱ ለአጎቱ ተመለሰ። ሉዶልፍ በመከር ወታደር ሆነ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሁለት ዓመት ነበር፤ እሁድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ያላግጥብናል። ኦቲሊ በመስኮት ሆና ሰልፉን ስታይ ከመቶ ትከሻ መሃል የሱን ትለይ ነበር።

ሊሰናበት ሁለት ወር ሲቀረው ያ የተረገመ ሐምሌ የጦርነት ወሬ ይዞ መጣ። ጋዜጣው ነገሥታቱ ቴሌግራም እየተላላኩ ነው ሲል ኦቲሊ ጋዜጣውን ይዛ ደረጃውን እየሮጠች መጣች። «አላልኩሽም? በቤት ስማቸው ነው የሚጠራሩት! ሳምንት አይፈጅም፣ ይታረቃሉ።» ሳምንት አልፈጀም፤ ጦርነቱ ተነሳ፣ እንግሊዝም በጠላትነት ገባች።

በማግሥቱ የደንብ ልብስ ሰፊው አቶ ሄርቢግ አራት ቅርጫት ሙሉ የትከሻ ጨርቅ አምጥቶ ደጃፏ ላይ ዘረገፈ። «ወይዘሮ ብራንትነር፣ ይህ ፊደል ይተርተር ተብሏል። የጠላት ስም ነው፤ እስከ ነገ ማታ መድረስ አለበት።»

«ጠላት?» አለችው። «የመስፍናችን እህት ባል እኮ ነው።»

«እኔ ሰፊ ነኝ እመቤት፣ ዘመድ አልቆጥርም» አላትና ሄደ።

ብቻዋን አትችለውም ብዬ እኔም ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የጠለፈችውን ሁለት ቀን ሙሉ ስንተረትር ዋልን። ሉዶልፍ ስንቅ ሊይዝ ብቅ ሲል የራሱን የትከሻ ጨርቅ ሳይነካ አገኘው። ኦቲሊ ሆን ብላ ነው የተወችው። «ይኸ ይቅር» አለችው። «ምናልባት ቢማርኩህ የልዑሉን ስም ሲያዩ ይራሩልሃል።»

ልጁ አልሳቀባትም። አጠገቧ ተቀመጠና «እማ፣ እዚያ የሚጠብቀኝ ልዑሉ አይደለም። እንደኔ ያለ ሰው ነው፤ እሱም እናቱ አትዋጋም ብላው ይሆናል» አላት። ምላጩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ተረተረው። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀረ።

በጥቅምት ቤልጅየም ውስጥ ሞተ። ደብዳቤው «ከእንግሊዞች ጋር በተደረገ ውጊያ» ይላል። ኦቲሊ ያቺን መስመር ይዛ ሰነበተች። አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስም መኳንንቱን አልወቀሰችም። ሚኒስትሮቹ ናቸው ያጣሏቸው፣ ልዑሉማ የኛን ልጆች መሞት ሲሰማ ጥቁር ይለብሳል ትል ነበር። ብዙ ጊዜ ተናድጄ በሩን በኃይል ዘግቼባት ወጥቻለሁ። አሁን ሳስበው፣ ያንን ካላመነች ቀሪው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በአራተኛው ዓመት የመስፍኑ ቤት መጋቢ አቶ ክዋንት መጣ። መስፍኑ ዙፋኑን ቢያጣም ቤተ መንግሥቱና ደኑ አልተነካበትም። መጋቢው ባርኔጣውን አውልቆ ለሠርግ ስድስት ትልልቅ የጠረጴዛ ልብስ እንድትጠልፍ ጠየቃት፤ የመስፍኑ የልጅ ልጅ ልትዳር ነው።

«ለማን?» አለች ኦቲሊ። ልማዷ ነው።

«ለልዑሉ የልጅ ልጅ። ለእንግሊዙ።»

«ልዑሉ ራሱ ይመጣል?»

«እንዴታ! ባለፈው ወር ስዊዘርላንድ ተገናኝተው ነበር። መስፍኑና ልዑሉ ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ተላቀሱ። ስምንት ዓመት መለያየት ቀላል መሰለዎት?»

ኦቲሊ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ይቅርታ የጠየቀው የትኛው ነው?»

አቶ ክዋንት ጥያቄው አልገባውም። «በዘመድ መሃል ይቅርታ ምን ያደርጋል ወይዘሮ ብራንትነር? ስለዚያ ነገር ምንም አልተነሳም።»

ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብላ አሰናበተችው። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነበር። እስኪወርድ ጠበቀችና የእግሩ ድምፅ ሲጠፋ ወደ እኔ ዞረች። ከልጇ ሞት በኋላ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ልክ ነበርኩ እኮ ቡርጋ» አለችኝ። «ዘመዳሞች ናቸው፣ ይታረቃሉ ብዬሽ ነበር፤ ይኸው ታረቁ። እኔ የተሳሳትኩት ሉዶልፍን ከነሱ ጋር አብሬ በመቁጠሬ ነው።»

አይደለም፣ እኔም ለከሰሌ ስል ነው ያስቀረሁት ልላት አሰብኩና፣ ከሰል ላወጣ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።