ምክረ ሐሳብ እንሰጣለን አሉን

እናቴ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መርማሪውን እጁን ለቀም አድርጋ «በል ልጄን ይዘህልኝ ውጣ» አለችው። ሰው ሁሉ እያየ።

ወንድሜ ከታሰረ ሁለት ወር አለፈው። ፍርድ ቤት የሚባል አላየም። መርማሪዎች መጡ ሲሉን ነው ከምንኖርበት ከወገዳ በአይሱዙ ተጭነን የመጣነው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ገብቶ ወንድሜን አነጋግሮታል፣ ሁሉንም ጽፏል። «እማማ፣ እኛ መፍታት አንችልም። ይፈታ ብለን ምክረ ሐሳብ እንሰጣቸዋለን» አላት።

«ምክርማ የንስሐ አባታችንም መስቀላቸውን ይዘው መጥተው መከሯቸው! መቼ ሰሟቸው?»

እኔም «ጋሼ፣ እናንተንስ ባይሰሟችሁ?» አልኩት።

«ሪፖርት እናወጣለን።»

ለማን? መታሰሩን እኛ እናውቃለን፣ ያሰሩትም ያውቃሉ! (ይሄ ከዘጠነኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለኔ እንኳ ገብቶኛል።)

መኪናቸው ሄደ። እናቴ ግን አልነሳም ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። «ምክሩን አንብበው እስኪጨርሱ ልጠብቅ» ትላለች።

እስቲ በምክረ ሐሳብ የተፈታ ሰው የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ላነብላት ነው። ከሌለም ዋሹና ጻፉ።